የትኛው ድሮ? የሪፐብሊካን ፓርቲ የውስጥ ግብግብ በቀላል አማርኛ

ማይክ ፔንስ አራት ዓመት የትራምፕ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ግን ራሱ ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደረ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሴንት አንሰልም ኮሌጅ መድረክ ላይ ወጣ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ፓርቲያችን መንታ መንገድ ላይ ቆሟል። አንዱ የሬገን መንገድ ነው፤ ትንሽ መንግሥት፣ ነፃ ገበያ፣ ጠንካራ መከላከያ፣ የቤተሰብና የሃይማኖት ክብር። ሌላው በብሶት የሚነዳ ፖለቲካ ነው። ምረጡ አለ። ሁለት ወር ሳይሞላው ከውድድሩ ወጣ። ገና አንድ ሰው እንኳ ድምፅ ሳይሰጥ ነው ያለቀለት።

አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን ዓይነት ለቅሶ ደጋግሞ ይሰማል። «ይሄ የማውቀው ሪፐብሊካን ፓርቲ አይደለም» የሚል አዛውንት ቴሌቪዥን ላይ አይጠፋም። ወደ ቀድሞው መርህ እንመለስ የሚሉት እነዚህ ሰዎች ባህላዊ ወግ አጥባቂዎች ይባላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ትራምፕ የሚባል ሰው መጣና ቤቱን ያዘ፣ የጥንቶቹ ባለቤቶች ደግሞ መልሰው ሊይዙት ይፈልጋሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። ትራምፕ የገባበትን በር ከስልሳ ዓመት በፊት የከፈቱት ራሳቸው ወግ አጥባቂዎቹ ናቸው። ሲከፍቱትም የጮሁት መፈክር ያው ነበር፦ ፓርቲያችንን እናስመልስ።

ወደ ታሪኩ ሳንገባ አንድ ነገር እንግባባ። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኛ ፓርቲ ስንል የምናውቀው ሌላ ነው። ማዕከላዊ ኮሚቴ አለ፣ ግምገማ አለ፣ ከመስመር ወጣ የተባለ ይታገዳል። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል የተሸነፈው ወገን ከማዕከላዊ ኮሚቴ ታገደ። ክርክሩ በዝግ ቤት ተጀምሮ በዝግ ቤት አለቀ፤ ሕዝቡ የሰማው ውጤቱን ነው።

የአሜሪካ ፓርቲ ይህ ሁሉ የለውም። ሊቀመንበሩ ማንንም ከፓርቲው ማባረር አይችልም። መስመር የሚያወጣ፣ ያንንም የሚያስከብር ኮሚቴ የለም። የፓርቲውን ስም ይዞ ማን እንደሚወዳደር የሚወስነው ቅድመ ምርጫ ነው፤ ፕራይመሪ የሚሉት። በቅድመ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ተራ ሰው ነው። አንዳንድ ስቴት፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ፣ በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ እንዲመርጥ ያደርጋል። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር ራሱ የለም። ማንም መራጭ በዚያ ቀን ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ወረቀት ጠይቆ ይመርጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ቅድመ ምርጫ የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንሽ፣ የተደራጀና የተቆጣ ቡድን ትልቅ ፓርቲ መያዝ ይችላል። ይህን ያልያዘ ሰው የቀረው ታሪክ አይገባውም።

አሁን ወደ ድሮው እንሂድ። ግን ወደ የትኛው?

ፓርቲው የተመሠረተው በ1854 ነው፤ ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ለመከላከል። የሊንከን ፓርቲ ነው። የሊንከን ዘመን ሪፐብሊካን ግን በዛሬ ዓይን ሲታይ ትንሽ መንግሥት ፈላጊ አይባልም። በ1862 ብቻ ለገበሬ መሬት በነፃ አደለ፣ አህጉሩን ለሚያቋርጥ ባቡር ገንዘብና መሬት ሰጠ፣ ለኮሌጆች መሬት መደበ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ከፍተኛ ቀረጥ መጣል ደግሞ ለሰባ ዓመት ያህል የፓርቲው መለያ ነበር። ዊልያም ማኪንሊ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ስሙን ያስጠራው በ1890 የቀረጥ ሕግ ነው። እና ዛሬ ትራምፕ ታሪፍ ሲጥል «የፓርቲውን መርህ ጣሰ» የሚሉት የሚያስታውሱት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ያለውን ፓርቲ ነው። ትራምፕ ራሱ ማኪንሊን ሲያወድስ የሚውለው ያለ ምክንያት አይደለም። እሱም የራሱ ድሮ አለው።

ሌላ ድሮ ደግሞ የ1920ዎቹ ነው፤ የካልቪን ኩሊጅ ዘመን። ግብር ተቀነሰ፣ የመንግሥት ዕዳ ተከፈለ፣ ፕሬዚዳንቱ ብዙ አያወራም ነበር። ብዙ ወግ አጥባቂ ይህን ዘመን በናፍቆት ያነሳል። እኛን የሚነካው ግን ሌላ ነገር ነው። ኩሊጅ በ1924 የፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ ቆረጠ፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነው። ይህ ዓይነት የኮታ አሠራር የፈረሰው በ1965 ነው። የዛሬ ወግ አጥባቂ «የጥንቱ ይመለስ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ብንጠይቅ አይፈረድብንም።

ቀጥሎ 1929 መጣ፣ ኢኮኖሚው ወደቀ፣ ዴሞክራቱ ሩዝቬልት ተመረጠ። ሪፐብሊካኖች ከ1932 እስከ 1948 አምስት ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ተራ በተራ ተሸነፉ። የዛሬው ክርክር የተወለደው ከዚህ ሽንፈት ነው። አንዱ ወገን የሩዝቬልትን ጡረታና ድጎማ ተቀብለን በተሻለ እናስተዳድር አለ፤ መቀመጫው ኒው ዮርክና አካባቢው ነበር፣ ባንክ ቤቱና ትልልቅ ጋዜጦችም ከሱ ጋር ነበሩ። ሌላው ወገን የተሸነፍነው ዴሞክራቶችን ስለመሰልን ነው አለ። የዚህኛው አለቃ የኦሃዮው ሴኔተር ሮበርት ታፍት ነው። የፕሬዚዳንት ልጅ ነው፣ «ሚስተር ሪፐብሊካን» ይሉት ነበር። መንግሥት በገበያ እንዳይገባ፣ አገሩም በሰው አገር ጦርነት እንዳትማገድ ይከራከር ነበር። በ1949 የኔቶ ስምምነት ሴኔት ሲቀርብ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ።

ታፍት በ1952 ለሦስተኛ ጊዜ ለእጩነት ሲቀርብ የጠበቀው ጦርነቱን ያሸነፈው ጄኔራል አይዘንሃወር ነው። ጉባኤው ቺካጎ ነበር። ከቴክሳስ፣ ከጆርጂያና ከሉዊዚያና ሁለት ሁለት የልዑካን ቡድን መጣ፤ እያንዳንዱ «እኔ ነኝ ሕጋዊው» ይላል። ጉባኤው ወደ ጭቅጭቅ ተለወጠ። የታፍት ሰው የነበረው ሴኔተር ኤቨረት ደርክሰን መድረኩ ላይ ወጥቶ፣ የኒው ዮርክ ልዑካን መሃል ወደተቀመጠው ቶማስ ዱዊ ጣቱን ቀሰረ። ዱዊ በ1944ና በ1948 እጩ ሆኖ ሁለቴም የተሸነፈ ሰው ነው። ከዚህ በፊት ተከተልንህ፣ አንተም ወደ ሽንፈት ይዘኸን ሄድክ አለው። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በመጀመሪያው ዙር አይዘንሃወር 595፣ ታፍት 500 ድምፅ አገኙ። ለማሸነፍ 604 ያስፈልግ ነበር። ዘጠኝ ድምፅ ጎደለ። ያኔ ሚኒሶታ ተነሥታ ድምፅዋን ወደ አይዘንሃወር አዞረች፣ ጨዋታው አበቃ። ታፍት በዓመቱ ሞተ።

አይዘንሃወር ሩዝቬልት የሠራውን አላፈረሰም። ጡረታውን አሰፋ፣ በ1956 ደግሞ የአገር አቋራጭ አውራ ጎዳናውን ሕግ ፈረመ። ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጡረታን ለማጥፋት የሚሞክር ፓርቲ ከታሪክ ይጠፋል ብሏል። የታፍት ተከታዮች ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ።

ቁጭቱን ወደ ድርጅት የቀየረው ግን ሌላ ትውልድ ነው። በ1955 ዊልያም ባክሊ የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ መጽሔት ከፈተ። እዚያ ዙሪያ የተሰበሰቡት እርስ በርስ የማይዋደዱ ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ገበያውን ልቀቁት የሚል ነው። አንዱ ሃይማኖትና ትውፊት የሚያሳስበው ነው። ሦስተኛው ኮሙኒዝምን የሚፈራ ነው። ነጋዴው ነገር ሁሉ በገበያ ይዳኝ ሲል ሃይማኖተኛው ይቀፈዋል፤ ገበያ የብልግና ፊልምም ይሸጣላ። ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት ሦስቱንም አንድ ላይ አሰራቸው። ዛሬ ሰው «ባህላዊ ወግ አጥባቂነት» የሚለው ይህን ጋብቻ ነው። ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው፤ ከጥንት የወረሱት አይደለም፣ በ1950ዎቹ ተቀምጠው የሠሩት ነው። አንዳንዱ ነገር ከታፍት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ታፍት ኔቶን አልፈለገም፤ እነሱ ግን ኮሙኒዝምን በዓለም ዙሪያ ማሳደድ ፈለጉ።

ከዚያ ባሪ ጎልድዋተር መጣ፤ የአሪዞና ሴኔተር፣ አፉ እንዳመጣለት የሚናገር። በ1960 ጉባኤ ዋዜማ የፓርቲው እጩ ሊሆን የተቃረበው ኒክሰን ኒው ዮርክ ሄዶ ከሊበራሉ ገዢ ከኔልሰን ሮክፌለር ጋር ተስማማ። ወግ አጥባቂው እንደተሸጠ ቆጠረው። ጎልድዋተር መድረክ ላይ ወጥቶ ግን አኩርፈን እንውጣ አላለም። ወግ አጥባቂዎች ሆይ፣ ትልቅ ሰው እንሁን፤ ይህን ፓርቲ ማስመለስ ከፈለግን፣ አንድ ቀን የምንችልም ይመስለኛል፣ ወደ ሥራ እንግባ አላቸው።

ገቡ። በ1961 ጥቂት ሰዎች ቺካጎ ውስጥ አንድ ሞቴል ተሰብስበው ሥራውን ተከፋፈሉ። ሰው የማይመጣበትን የቀበሌ ስብሰባ ፈልገው ይሄዳሉ። ሃያ ሰው በሚገኝበት ስብሰባ አሥራ አንድ ሰው ይዘው ይመጣሉ። ሌላው ደክሞት ቤቱ ሲሄድ እነሱ እስከ ሌሊት ቁጭ ይላሉ። የቀበሌው ልዑክ የወረዳውን ይመርጣል፣ የወረዳው የስቴቱን። የኒው ዮርክ ባለሀብቶች ሲነቁ ከታች ያለው ሁሉ ተይዟል።

የቀረው የካሊፎርኒያ ቅድመ ምርጫ ነበር፤ ጁን 2 ቀን 1964። ሮክፌለር ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አግብቶ ነበር፣ በዚያ ዘመን ትልቅ ነውር ነው። ከምርጫው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አዲሷ ሚስቱ ወለደች። ጋዜጣው ሁሉ ወሬውን አስታወሰው። ጎልድዋተር በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። በሳን ፍራንሲስኮው ጉባኤ ሮክፌለር ሊናገር ሲወጣ ጩኸቱ አላናግረው አለ።

በኅዳሩ ምርጫ ጎልድዋተር ያሸነፈው ስድስት ስቴት ብቻ ነው። የራሱ አሪዞናና አምስት የደቡብ ስቴቶች። ደቡብ ለምን? ጎልድዋተር በዚያው ዓመት የወጣውን የሲቪል መብት ሕግ ተቃውሞ ነበር። ምክንያቱ መርህ ነው ይላል፤ ፌዴራል መንግሥት የግለሰብን ንግድ ቤት ማንን አስተናግድ ብሎ ማዘዝ የለበትም። የሚሲሲፒ ነጭ ግን የሰማው ሌላ ነው። ጥቁሩም የሰማው ያንኑ ነው። የሊንከን ፓርቲ ጥቁር መራጩን ከዚያ ወዲህ አላገኘውም። እኔ እንደሚመስለኝ ወግ አጥባቂዎቹ ታሪካቸውን ሲያወሩ ቶሎ የሚያልፉት ገጽ ይህ ነው፤ ግን የመርህ ክርክር መራጩ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከሽንፈቱ አንድ ሰው ተረፈ። ሮናልድ ሬገን የሚባል የፊልም ተዋናይ በምርጫው ዋዜማ ለጎልድዋተር በቴሌቪዥን ተናግሮ ስሙን ተከለ። በ1976 የራሱን ፓርቲ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን በቅድመ ምርጫ ተጋፈጠ፤ በጉባኤው 1187 ለ1070 ተሸነፈ። ለጥቂት! በ1980 ግን እጩም ሆነ፣ 44 ስቴትም አሸነፈ። መካከሉ ላይ አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። ከ1968 በኋላ ዴሞክራቶች እጩ የሚመረጥበትን ሕግ አሻሻሉ፣ ስቴቶችም ቅድመ ምርጫን አበዙ፣ ሪፐብሊካኖችም አብረው ተጓዙ። ሲጋራ በጨሰበት ክፍል እጩ መምረጥ ቀረ። ለወግ አጥባቂዎቹ ይህ ድል ነው። ታፍትን የጣሉት አለቆች ከዚህ ወዲያ በር ላይ የሉም።

የሬገን ዘመን ዛሬ እንደ ወርቃማ ዘመን ይነገራል። በከፊል እውነት ነው፤ ከፍተኛው የገቢ ግብር ከ70 በመቶ ወደ 28 በመቶ ወረደ። ነገር ግን የመንግሥት ዕዳ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። በ1986 የፈረመው ሕግ ደግሞ ወደ 2.7 ሚሊዮን ያህል ወረቀት የሌላቸው ሰዎችን ሕጋዊ አደረገ። ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን የገባው ኢትዮጵያዊ አሜሪካ የመጣው በብዛት በሬገን ዘመን ነው። ከሥልጣን ሲሰናበት ያደረገው የመጨረሻ ንግግር እንኳ፣ ሰው ከየትም ዓለም መጥቶ አሜሪካዊ መሆን ይችላል የሚል ነበር። ተተኪው ትልቁ ቡሽ በ1990 የፈረመው ሕግ ደግሞ ዲቪን ወለደ። አዎ፣ ስንቱ ቤት ፎቶ ተነሥቶ የሞላው ዲቪ የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ፊርማ አለበት።

ይህ ሁሉ ያናደደው ወገን ነበር። እኛ ነን የጥንቶቹ የሚሉ፣ ከሬገን ሰዎችም የበለጠ ጥንታዊ የሆኑ። የመጀመሪያው ግጭት በ1981 ነው። ሬገን ለብሔራዊ የሰብዓዊ ጥናቶች መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ያሰበው ሜል ብራድፎርድ የሚባል የቴክሳስ ፕሮፌሰር ነበር። ብራድፎርድ ሊንከንን አምርሮ የሚወቅስ የደቡብ ሰው ነው። ከዴሞክራት ወገን ወደ ሬገን የመጡት አዲስ ወግ አጥባቂዎች ዘመቱበት፣ ሹመቱ ዊልያም ቤኔት ለሚባል ሰው ሄደ። ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ቢሮ ጉዳይ ነው። ለጥንታውያኑ ግን ቂም ሆኖ ቀረ። ቤታችን ውስጥ እንግዳ መጥቶ እኛን አስወጣን አሉ።

ቂሙን ወደ ምርጫ ሳጥን ያመጣው ፓት ቡካናን ነው። ለኒክሰንና ለሬገን የሠራ፣ የቴሌቪዥን ተከራካሪ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ሦስቱን ወገኖች አስሮ የያዘው ነገር ላላ። ቡካናን ወደ ታፍት ዘመን ተመለሰ፤ የውጭ ጦርነት ይብቃ፣ የውጭ እርዳታ ይቅር፣ ፋብሪካችን በታሪፍ ይጠበቅ፣ ድንበር ይዘጋ። በ1991 መጨረሻ ላይ በቴሌቪዥን ያለው የሚረሳ አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሚሊዮን ሰው መቀበል ቢኖርብንና ቨርጂኒያ ብናሰፍረው፣ ዙሉዎች ናቸው ወይስ እንግሊዞች በቀላሉ የሚዋሃዱት? ብሎ ጠየቀ። ዛሬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንጀራ በየሱቁ ሲሸጥ ላየ ሰው ጥያቄው ፈገግ ያሰኛል።

በ1992 ቡካናን በኒው ሃምፕሻየር ከፕሬዚዳንት ቡሽ ጋር ተወዳድሮ 37 በመቶ አገኘ። ቡሽ «አዲስ ግብር አልጨምርም» ብሎ ምሎ ስለጨመረ ብዙ ሰው ተቀይሞት ነበር። በ1996 ቡካናን እዚያው ኒው ሃምፕሻየር አሸነፈ። በ1999 ፓርቲውን ጥሎ ሪፎርም ወደሚባል ትንሽ ፓርቲ ሄደ። እዚያም እጩ መሆን የሚፈልግ አንድ የኒው ዮርክ ባለሀብት ነበር፤ ዶናልድ ትራምፕ። ትራምፕ ያኔ ቡካናንን በሂትለር ወዳጅነት ከሶ ሰድቦታል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የቡካናንን ፕሮግራም አንድ በአንድ ይዞ መጣ።

በመሃል ትንሹ ቡሽ አለ። እሱ ርኅሩኅ ወግ አጥባቂ ነኝ ይል ነበር። ኢራቅ ገባ፣ የአረጋውያን መድኃኒት ወጪ በመንግሥት እንዲሸፈን አደረገ፣ በ2008 ለባንኮች 700 ቢሊዮን ዶላር አስፈቀደ። ፔፕፋርንም የጀመረው እሱ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ የደረሰው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለትንሽ መንግሥት ወገን ይህ ሁሉ ብክነት ነው፣ ለታፍት ወገን ደግሞ የሰው አገር ጣጣ። በ2009 የመንግሥትን ወጪና ግብር የሚቃወመው፣ ቲ ፓርቲ የሚባለው ንቅናቄ ፈነዳ።

ቲ ፓርቲ ምን እንደነበረ አንድ ቀን ወስደን እንይ። ጁን 10 ቀን 2014፣ ቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ አካባቢ ያለው ሰባተኛው ወረዳ። ኤሪክ ካንተር በተወካዮች ምክር ቤት የብዙኃኑ መሪ ነው። አፈ ጉባኤ ሊሆን አንድ ደረጃ ቀርቶታል። ተፎካካሪው ዴቭ ብራት የሚባል የትንሽ ኮሌጅ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። ካንተር ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፣ ብራት 200 ሺህ ገደማ። የካንተር የራሱ አጥኚ በ34 ነጥብ ትመራለህ ብሎት ነበር። ምልክቱ ግን ቀደም ብሎ ታይቷል፤ በሜይ በተደረገው የወረዳው ስብሰባ ላይ ካንተር ተጮኸበት፣ የሱ ሰውም ከወረዳው ሊቀመንበርነት ወረደ። የጎልድዋተር ሰዎች ዘዴ ማለት ነው፣ ትንሿን ስብሰባ መያዝ። ብራት በየመድረኩ የሚያነሳው ካንተር ለስደተኞች ምሕረት ሊሰጥ ነው የሚል ነበር። ማታ ቆጠራው ሲያልቅ ካንተር 29 ሺህ ገደማ፣ ብራት 36 ሺህ ገደማ ድምፅ። በወረዳው የሚኖረው ሰው ከ700 ሺህ በላይ ነው። 36 ሺህ ሰው የምክር ቤቱን ሁለተኛ ሰው ጣለ።

ከዚያስ? ብራት አራት ዓመት ተቀምጦ በ2018 በዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ተሸነፈ። እሷ በ2025 የቨርጂኒያ ገዢ ሆና ተመረጠች። ቅድመ ምርጫውን በንጹሕ መርህ ማሸነፍና አገሩን ማሸነፍ ለየቅል ናቸው።

ሌሎቹ ሪፐብሊካኖች ከካንተር ውድቀት የተማሩት መራጫችን ትንሽ መንግሥት ይፈልጋል የሚል ነበር። ትራምፕ የተማረው ሌላ ነው። መራጩ ጡረታውን አትንኩብኝ፣ ድንበሩን ዝጉልኝ፣ ዋሽንግተን ያሉትን ቅጡልኝ ነው የሚለው። በ2016 ትራምፕ በደቡብ ካሮላይና ክርክር ላይ የኢራቅ ጦርነት ትልቅ ስህተት ነበር ሲል አዳራሹ አጉረመረመ፤ ድምፁን ግን አገኘ። የባክሊ መጽሔት ሙሉ እትም አውጥቶ ትራምፕ ወግ አጥባቂ አይደለም ብሎ ጻፈ። ማንም አልሰማው። ትራምፕ ራሱ በዚያ ሜይ በቴሌቪዥን ሲጠየቅ መልሱን አልደበቀም፦ ይህ የሚባለው ሪፐብሊካን ፓርቲ ነው፣ ወግ አጥባቂ ፓርቲ አይባልም አለ።

እዚህ ላይ ባህላዊዎቹ በር ጠባቂዎቹን ፍለጋ ሄዱ። አልነበሩም። በ1952 ታፍትን ያስቆሙት ዓይነት የፓርቲ አለቆች ቢኖሩ ትራምፕንም ባስቆሙት ነበር። ግን እነዚያን አለቆች ያባረሯቸው የጎልድዋተርና የሬገን ልጆች ናቸው።

የሚገርመው ግን ባህላዊዎቹ ከማንም የበለጠ ያተረፉት ከትራምፕ ነው። ከ1973 ጀምሮ የታገሉለት ነገር የፅንስ ማቋረጥ መብትን የሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲሻር ነበር። ሬገን የሾማቸው ሁለት ዳኞች፣ ኦኮነርና ኬኔዲ፣ በ1992 የውሳኔውን ዋና ሐሳብ አተረፉት። ትራምፕ የሾማቸው ሦስቱ ግን በጁን 2022 እንዲሻር ድምፅ ሰጡ። ንጹሑ ሬገን ያልሰጣቸውን ሦስቴ ያገባው የካዚኖ ባለቤት ሰጣቸው። ለዚህም ነው ብዙ ፓስተርና ብዙ ካህን «መርሁስ?» ሲባል ወደ ሌላ ወሬ የሚያልፈው።

ዋጋውም ቆየት ብሎ መጣ። በ2024 ፓርቲው ያወጣው ፕሮግራም 16 ገጽ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የነበረው፣ ፅንስ ማቋረጥ በአገር ደረጃ ይታገድ የሚለው አቋም ወጥቶ ጉዳዩ ለስቴቶች ተተወ። ፔንስ እጅግ ያሳዝናል ብሎ መግለጫ አወጣ። አሁንም የሰማው ጥቂት ነው። በዋዮሚንግ ሊዝ ቼኒ፣ የትንሹ ቡሽ ምክትል የነበረው የዲክ ቼኒ ልጅ፣ ትራምፕን ስለተቃወመች በ2022 ቅድመ ምርጫ 29 በመቶ ብቻ አግኝታ ተባርራለች፤ ይህን ያየ የምክር ቤት አባል አፉን ቢይዝ አይገርምም።

ዛሬ «ወደ መርህ እንመለስ» የሚለው ድምፅ ቢያንስ ከሁለት አፍ ይወጣል። አንዱ የፔንስ ነው፤ ሬገንን ማለት ነው፣ ነፃ ንግድ፣ ኔቶ፣ ትንሽ መንግሥት። ሌላው የቡካናን ወራሾች ነው፤ ታፍትን፣ ማኪንሊን፣ አንዳንዴም 1924ን ማለት ነው። ሁለቱም ጥንታዊው እኔ ነኝ ይላል፤ ሁለቱም ውሸት አይደለም። በመካከላችን ያለው ሃይማኖተኛ አበሻ በጋብቻና በፅንስ ጉዳይ ከሁለቱም ጋር ራሱን ይነቀንቃል። ኢሚግሬሽን ሲነሳ ግን የማን ድሮ እንደሚሻለው ለመለየት ብዙ አይቸገርም። በኖቬምበር 2017 ዲቪ ይጥፋ ያለው ትራምፕ ነበር።

የፔንሱ ወገን ሞቷል ማለት ግን ችኮላ ነው። የትራምፕ የመጨረሻዋ ዋና ተፎካካሪ ኒኪ ሄሊ በማርች 2024 ከውድድር ከወጣች በኋላ፣ በኤፕሪሉ የፔንሲልቬንያ ቅድመ ምርጫ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ሄዶ ለሷ ድምፅ ሰጥቷል። እንደማታሸንፍ እያወቀ። ብራት ካንተርን የጣለው የዚህን ሩብ በማይሞላ ድምፅ ነው። ልዩነቱ የብራት ሰዎች አንድ ወረዳ ላይ መሰብሰባቸው፣ የሄሊዎቹ ደግሞ በሰፊ ስቴት መበተናቸው ነው። በሚቀጥለው ቅድመ ምርጫ የተወዳዳሪዎቹን ስም ስታዩ ስለ ሬገን ምን እንዳሉ አትስሙ፤ ሬገንን ሁሉም ያወድሳል። ስለ ታሪፍ ጠይቋቸው፣ ስለ ኔቶ ጠይቋቸው፣ በየቀበሌው ስብሰባ ስንት ሰው ይዘው እንደሚመጡም ቁጠሩ።